ከዚራ ላይ የተደመጠው ላርጎ፦ የአንድ የሙዚቃ ማዳመጫ ቡድን የጉዳይ ጥናት

መነሻ

በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የሚገኝ አንድ የወጣቶች የሙዚቃ ቡድን ለአካባቢው ሰው ክፍት የሆነ የማዳመጫ ፕሮግራም ያዘጋጃል። አባላቱ አብዛኞቹ ኪቦርድና ጊታር የሚጫወቱ ተማሪዎች ናቸው። አንደኛው ደግሞ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሮ የተመለሰ ነው። ፕሮግራሙን ያሰቡት ለእኩዮቻቸው ቢሆንም ከወጣቱ ይልቅ ጡረተኞችና እናቶች ይበዙበት ጀመር። ከጡረተኞቹ ውስጥ ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር የጨረሱ ናቸው። ለከዚራ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እዚህ ሲደርስ ነው። ከዚራም በጥላ ዛፎቹና ቀጥ ባሉ መንገዶቹ ከባቡሩ ጋር አብሮ ያደገ ሰፈር ነው።

ቡድኑ የመረጠው ሥራ የቼኩ አቀናባሪ አንቶኒን ድቮርዣክ ዘጠነኛ ሲምፎኒ ነበር፤ «ከአዲሱ ዓለም» የሚባለው። ሲምፎኒው አራት ክፍሎች ሲኖሩት ሙሉው 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሁለተኛው ክፍል፣ ላርጎ የሚባለው፣ 12 ደቂቃ ያህል ነው፤ በዓለም ዙሪያ አድማጮች ከልባቸው የያዙትም በተለይ እሱን ነው። እኔ የሙዚቃ መምህር ነኝ። ቡድኑ ምክር ሲጠይቀኝ ገብቼ ሂደቱን ከዳር ሆኜ ተከታትያለሁ። የተሳታፊዎችን ስም አልጠቀስኩም፤ የሚያስታውቋቸውንም ነገሮች አስቀርቻለሁ። የተናገሩትን የጻፍኩት ፈቅደውልኝ ነው።

ጉዳዩን መዝግቦ ማስቀመጥ የፈለግኩት «የእኛ ሰው ሲምፎኒ አይገባውም» የሚለው አባባል በሙያችን ውስጥ ያለ ማስረጃ ሲመላለስ ስለምሰማ ነው። እዚህ ላይ ሙዚቃው ሳይለወጥ፣ ቅጂው ሳይለወጥ፣ ሰዎቹም በአብዛኛው እነዚያው ሆነው ውጤቱ ሌላ ሆኗል።

ችግሩ

የመጀመሪያው ዝግጅት የተካሄደው ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አዳራሽ ውስጥ ነው። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ይህ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሰው ሁሉ ወይ ተኝቷል፣ ወይ በርጫ ላይ ነው፣ ወይ ጥላ ፍለጋ ላይ ነው። የመጡት ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ቬንቲሌተሩ ሥር ተጠጋግተው ተቀመጡ። ቡድኑ በፕሮጀክተር ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጠ፤ የአቀናባሪው የሕይወት ታሪክ፣ የሲምፎኒ አሠራር፣ የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ሁሉ ተነገረ። በመጨረሻ «አሁን የምትሰሙት የአገር ናፍቆት ነው» ተባለና ሙሉው ሲምፎኒ ያለ ዕረፍት ተለቀቀ።

ሦስተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ የተኙ ነበሩ። አራተኛው ሳይጀመር የወጡም ነበሩ። ሲያልቅ አዘጋጁ «እንዴት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልን» ተባለ፤ ሌላ ቃል አልተጨመረም። በማግስቱ ቡድኑ ተሰብስቦ የደረሰበት ድምዳሜ ሰዉ ሲምፎኒ አይወድም የሚል ሲሆን፣ ወደ ዘፈን እንመለስ የሚል ሐሳብም ቀረበ።

እኔ ከኋላ ተቀምጬ ያየሁት ከዚህ ድምዳሜ ጋር አልገጠመልኝም። ላርጎው ተጀምሮ እንግሊሽ ሆርን የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ ዜማውን ይዞ እንደገባ አንድ ጡረተኛ ባቡር ነጂ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ዜማው እስኪመለስ ድረስ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ሲያሹ ነበር። ከፊታቸው የነበሩት ሁለት ሴቶችም ሹክሹክታቸውን አቆሙ። ላርጎው አልቆ ፈጣኑ ክፍል ሲመጣ ኮፍያው ራስ ላይ ተመለሰ፣ ሹክሹክታውም ቀጠለ። ሰዎቹ ተነክተዋል። የተነኩበትን ነገር የሚያሳድሩበት ቦታ ግን ዝግጅቱ አልሰጣቸውም። ምን መሰማት እንዳለባቸው አስቀድሞ ተነግሯቸዋል፤ ስለዚህ የራሳቸውን ከማውጣት ይልቅ የተነገራቸውን መፈለግ ያዙ። «እንዴት ነበር?» የሚለው ጥያቄም ለእንግዳ የሚሰጥ የምስጋና መልስ የሚጠራ እንጂ የልብ የሚያናግር አልነበረም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የተለወጡት ሰዓቱና ቦታው ናቸው። ዝግጅቱ ወደ አንድ ግቢ፣ ዛፍ ሥር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ተዛወረ። የአስር ሶላት አልቆ መግሪብ ሳይደርስ ያለው ጊዜ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ፀሐይዋ ትበርዳለች፣ ንፋስም አለ። የባጃጅ ድምፅ አልቀረም፤ ግን ማንንም አላስቸገረም።

ድምፅ ማጉያው ከተገመተው በላይ ዋጋ ነበረው። ቡድኑ የያዘው ትንሽ የብሉቱዝ ስፒከር ነበር። ላርጎው የሚያልቀው ኮንትራባሶች፣ ማለትም ትልልቆቹ ባለ ወፍራም ድምፅ የክር መሣሪያዎች፣ ብቻቸውን በሚይዙት በጣም ዝቅተኛና ለስላሳ ኮርድ (አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች) ነው። በትንሹ ስፒከር ላይ ያ ኮርድ ጨርሶ አይሰማም፤ ሰው ሙዚቃው የተቋረጠ ነው የሚመስለው። ለሰርግ ዕቃ ከሚያከራይ ሰው ትልልቅ ስፒከሮች ተለመኑ። መጨረሻው በደንብ የተሰማ ዕለት ለመናገር የቸኮለ ሰው አልነበረም።

ሦስተኛው ለውጥ ማሳጠር ነው። ላርጎው ብቻ ይለቀቃል፤ ጥቂት አረፍ ተብሎ እንደገና ይለቀቃል። ለብዙዎቹ የመጀመሪያው ዙር መተዋወቂያ ነበር። ለነገሩ ቅርበት የተሰማቸው በሁለተኛው ነው። አንድን ዜማ የምንወደው ተመልሶ እንደሚመጣ ስናውቅና ስንጠብቀው ስለሆነ ይህ ብዙም አይገርምም።

ከሁሉ የከበደው ማብራሪያውን ወደ ኋላ ማዘግየት ነበር። ወጣቶቹ የሚያውቁትን ይዘው ዝም ማለት አልሆነላቸውም። አንደኛው «ምንም ሳልነግራቸው እንዴት ይገባቸዋል?» ብሎ ተሟገተ። በመጨረሻ ስለ ሥራው የሚነገረው ሁሉ ሰዎቹ የራሳቸውን ከተናገሩ በኋላ እንዲሆን ተስማማን።

ጥያቄውም ተለወጠ። «ምን ተሰማችሁ?» የሚለው ሲሞከር እንደ መጀመሪያው «ጥሩ ነው» የሚል መልስ አመጣ። «ማን ትዝ አላችሁ?» እና «የት ያላችሁ መሰላችሁ?» ሲባል ግን ወሬ ተከፈተ። ሰው ስለ ስሜቱ በቀጥታ ሲጠየቅ ይሸሻል፤ ስለ ሰውና ስለ ቦታ ሲጠየቅ ግን ስሜቱ ራሱ ይከተላል። መልስ በአማርኛ ብቻ ይሁን አልተባለም። በኦሮምኛና በሶማሊኛ የሚናገሩ ነበሩ፣ ከወጣቶቹ ውስጥም የሚያስተረጉም አልጠፋም።

አድማጮቹ ያሉት

ኮፍያቸውን ያወለቁት ጡረተኛ መጀመሪያ መናገር አልፈለጉም። በሁለተኛው ዙር ግን «ይሄ ሌሊት ጣቢያ ነው» አሉ። «ባቡሩ ሄዷል። ሰው ሁሉ ተበትኗል። አንተ ፋኖስ ይዘህ ሐዲዱን እያየህ ቆመሃል።» አጠገባቸው የነበሩት የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ሁለቱ ስለ አንድ ሟች ጓደኛቸው ማውራት ጀመሩ። የድሮው ባቡር ከአዲስ አበባ መምጣት ካቆመ ቆይቷል፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመርም ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ከዚራ ላይ ያረጁት ሰዎች የሚያውቁት የባቡር ድምፅ ከጆሯቸው ከራቀ ዓመታት አልፈዋል።

አንዲት እናት የያዙት ዜማውን ሳይሆን ዝምታውን ነው። ላርጎው ሊያልቅ ሲል ዋናው ዜማ በጥቂት ባለ ክር መሣሪያዎች ብቻ ይመለሳል። ግን አይጨርስም፤ ትንሽ ይሄድና ይቆማል፣ እንደገና ይጀምርና ይቆማል። እኚህ እናት ልጃቸው ዐረብ አገር ነው የምትሠራው። «ስልክ ስትደውል እንዲህ ነች» አሉ። «ታወራ ታወራና ዝም ትላለች። እንዳታለቅስ ነው። እኔም ዝም እላለሁ።» ድቮርዣክ እነዚያን ዕረፍቶች ኖታ ላይ የጻፋቸው አስቦበት ነው፤ የሙዚቃ ተማሪ በፈተና ላይ ሊጠቅሳቸው ይችላል። ለምን እንደሚሠሩ ግን ከእኚህ እናት የተሻለ ሲያስረዳ የሰማሁት ሰው የለም።

አንዲት ሶማሊኛ ተናጋሪ አዛውንት በሁለተኛው ዙር ከዜማው ጋር ማንጎራጎር ጀመሩ። ከልጅነታቸው የሚያውቁት ዜማ እንደሆነም ነገሩን። ያን ዜማ ሰምተውት ሊሆን ይችላል፤ ግን ከመስማት ያለፈ ምክንያትም አለ። የላርጎው ዜማ መክፈቻ በአምስት ድምፅ ስኬል (የድምፆች መሰላል) ላይ የተሠራ ነው። ድምፆቹ የእኛ ትዝታ ሜጀር ቅኝት የሚጠቀምባቸው ናቸው። ዶ ብለን ብንነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ መሆናቸው ነው። የሶማሊ ሙዚቃም በአምስት ድምፅ ስኬል ላይ የቆመ ነው፣ የኦሮሞውም በብዛት እንዲሁ። ስለዚህ የድሬዳዋ ጆሮ ይህን ዜማ ሲሰማ መግቢያው ክፍት ነው። ሌሎች የኦርኬስትራ ሥራዎች ያላገኙትን ይህ ያገኘበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። ለእንግዳ አድማጭ የመጀመሪያ ሥራ የሚመርጥ ሰው ይህን ቢያስብበት ይጠቅመዋል።

ሁሉም ሰው አልተነካም። አንድ ወጣት ፊልም ላይ የሚሰማ ሙዚቃ እንደሚመስለውና ሌላ ምንም እንዳላስታወሰው ተናገረ። መልሱ እንደ ሌሎቹ ተቀባይነት አገኘ፣ ለመግፋትም የሞከረ አልነበረም። ይህ ለሌሎቹም ነፃነት የሰጣቸው ይመስለኛል።

አንድ አስቸጋሪ ጊዜ

ላርጎው ለስላሳ ብቻ አይደለም። መሐል ላይ ድምፁ በድንገት ያድግና እንደ ትሮምቦን ያሉት የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎች የመጀመሪያውን ክፍል ዋና ሐሳብ ይዘው ይገባሉ። እዚያ ላይ አንዲት ሴት ተነሥታ ወጣች። ከቡድኑ አንዲት ልጅ ተከትላት ወጥታ ውኃ ሰጠቻት፤ ምንም አልጠየቀቻትም። ሴትየዋ በኋላ ራሷ ነገረቻት። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሰፈሮችን ሲጠርግ የሥጋ ዘመዷን አጥታለች። ያ የሚያድገው ድምፅ የዚያን ሌሊት ድምፅ ሆነባት።

ቡድኑ ተደናግጦ ላርጎውን ሊተወው ነበር። ሴትየዋ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ተመልሳ መጣች፤ የተቀመጠችውም በር አጠገብ ነው። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ድምፁ የሚጨምርበት ቦታ መኖሩ አስቀድሞ ይነገር። ከዚያ ወዲህ ዝግጅቱ ሲጀመር «መሐል ላይ ድምፁ ከፍ ይላል፤ መውጣት የፈለገ ሰው ይችላል» ይባላል። ከመደመጡ በፊት የሚነገረው ብቸኛ ነገር ይህ ነው። እሷ እስከ መጨረሻው ተቀምጣ አዳመጠች። ምን እንደተሰማት አልተናገረችም፤ የሚጠይቃትም አልነበረም።

ታሪኩ ከተደመጠ በኋላ ሲነገር

አድማጮቹ ተናግረው ከጨረሱ በኋላ አንደኛው አባል ስለ ሥራው አጠር አድርጎ ያወራል። እዚህ ላይ የታየው ለውጥ በጣም ነው የገረመኝ። በመጀመሪያው ቀን ያስተኛቸው የሕይወት ታሪክ አሁን ጥያቄ የሚያዘንብበት ሆነ።

ድቮርዣክ እ.ኤ.አ. በ1841 ፕራግ አቅራቢያ በምትገኝ መንደር ተወለደ። አባቱ ሥጋ ሻጭና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ነበር። በ1892 የኒው ዮርክ የሙዚቃ ተቋም ዳይሬክተር እንዲሆን ተጠርቶ በትልቅ ደመወዝ ሄደ። ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ሲሻገር ሌሎቹ አራት ልጆች አገር ቤት ቀሩ። ሲምፎኒውን በ1893 ግንቦት ውስጥ ሲጨርስ፣ በእጅ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ልጆቹ ወደ እሱ ለመምጣት ተነሥተው እንግሊዝ አገር ሳውዝሃምፕተን ወደብ መድረሳቸውን ጻፈ። ልጃቸው ዐረብ አገር ያለችው እናት ይህን ሲሰሙ «ደረሱለት?» ብለው ጠየቁ። አዎ፣ በዚያው በጋ ተገናኝተው አዮዋ ውስጥ ስፒልቪል በምትባል የቼክ ስደተኞች መንደር አብረው ከረሙ። «አልሐምዱሊላህ» ያሉት ሌላ አዛውንት ናቸው።

ሃሪ በርሊ የሚባል ጥቁር ተማሪ ለድቮርዣክ የባርነት ዘመን መንፈሳዊ መዝሙሮችን ይዘምርለት እንደነበርም ተነገረ። በርሊ ዜማዎቹን የተማረው ከባርነት ነፃ ከወጡት አያቱ ነው። ድቮርዣክ ከእነዚያ መዝሙሮች መንፈሱን ወሰደ እንጂ የላርጎው ዜማ የራሱ ድርሰት ነው። ግጥም የተጨመረለት በ1922 ሲሆን ገጣሚውም የቀድሞ ተማሪው ዊልያም አርምስ ፊሸር ነው። ብዙ ሰው ዜማውን ነባር መዝሙር አድርጎ ይወስደዋል፤ ግን ኦርኬስትራው ይቀድማል።

ያልሠሩ ነገሮች

የፊሸርን ግጥም ወደ አማርኛ መልሶ ማንበብ ተሞከረ። ጥሩ ትርጉም ነበር። ነገር ግን ከተነበበ በኋላ ሁሉም ስለ ሞትና ወደ ቤት ስለመመለስ ብቻ ማውራት ጀመረ፤ ጣቢያውና ስልኩ ጠፉ። ከዚያ በኋላ ግጥሙ ቀረ።

ስልክ አውጥቶ መቅረጽም አልሆነም። ካሜራ ሲወጣ እናቶቹ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ አነጋገራቸውም የቴሌቪዥን ይሆናል። በወረቀት አስተያየት መሰብሰቡ ደግሞ መጻፍ የማይችሉትን አሸማቀቀ።

ዜማውን በዋሽንት ማጫወት ግማሹ ሠርቷል። ተጫዋቹ በትዝታ የተቃኘ ዋሽንት ይዞ መክፈቻውን ሲጫወት ግቢው ሁሉ ደስ አለው። የዜማው ሁለተኛ ሐሳብ ውስጥ ግን ቲ የምንለው ድምፅ ይመጣል፤ ይህ በትዝታ ሜጀር ውስጥ የለም። ተጫዋቹ እዚያ ቦታ ላይ ጣቱን ግማሽ ከፍቶ ሞከረ፣ አልጠራለትም፤ በዶ ተክቶ አለፈው። ዜማው አማረ፤ ግን ያ ድምፅ የሚያመጣው ትንሽ ሕመም አብሮ ሄደ። ከሥር የሚይዙት የክሮቹ ኮርዶችም የሉም። መተዋወቂያ እንጂ ምትክ እንዳልሆነ ተስማማን።

ሙሉው ሲምፎኒ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ተመልሶ ቀረበ። ሦስተኛው ክፍል ላይ አሁንም ያዛጉ ነበሩ። አራተኛው ሲጀምር ግን ባሶቹና ሌሎቹ ባለ ክሮች በሁለት አጎራባች ድምፆች ላይ ቀስ ብለው ተነሥተው እየፈጠኑ ሲሄዱ፣ ጡረተኞቹ አንድ ላይ «ሸሚንደፈር!» (ባቡር!) ብለው ጮኹ። ሳቅ ሆነ፣ ጭብጨባም ሆነ። በማግስቱ ከአባላቱ አንዱ ድቮርዣክ ይህን የጻፈው ባቡርን ለመግለጽ ነው ብሎ ማስታወቂያ ላይ ሊያወጣ ነበር፤ አስቆምኩት። ድቮርዣክ ባቡር ወዳጅ መሆኑ የታወቀ ነው። ፕራግ ላይ ጣቢያ እየሄደ ሎኮሞቲቮችን ያይ፣ ከነጂዎቹም ጋር ያወራ ነበር። የሲምፎኒው መጨረሻ ግን ስለ ባቡር ነው ብሎ አልተናገረም። ጡረተኞቹ ባቡር መስማታቸው የራሳቸው እውነት ነው፣ ለብቻውም ይበቃል። በአቀናባሪው አፍ ቃል አስገብተን ልናጠናክረው አይገባም።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ተመሳሳይ ሥራ ለመጀመር የሚያስብ መምህር ወይም ቡድን ከዚህ ጉዳይ መውሰድ የሚችለው ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ሙዚቃው፣ ቀጥሎ የአድማጩ ሰውና ቦታ፣ ከዚያ የአቀናባሪው ታሪክ። መረጃው አልጎዳም፤ የጎዳው ቀድሞ መምጣቱ ነበር። ስሜቱን ያገኘ አድማጭ ስለ አቀናባሪው ለማወቅ ራሱ ይጓጓል።

አጭር ሥራ ሁለት ጊዜ ማሰማት ረጅም ሥራ አንድ ጊዜ ከማሰማት ይሻላል፤ በተለይ አድማጩ ለኦርኬስትራ አዲስ ከሆነ። ከአካባቢው ቅኝት ጋር የሚገናኝ ዜማ ያለበትን መምረጥም በር ይከፍታል። ሐረር ላይ ለመጀመር ላሰቡ ጓደኞቼ ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ። ሰዓቱን ግን ከእኛ መቅዳት የለባቸውም፤ የሐረር አየርና የሰዉ ውሎ ሌላ ነው።

ሙዚቃ ሐዘን ሊቀሰቅስ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። መውጫው ክፍት ይሁን፤ የሚወጣውን ሰው ተከትሎ የሚሄድ አንድ ሰው ከመጀመሩ በፊት ይመደብ፤ ያ ሰው ውኃ እንጂ ጥያቄ አይያዝ። ባለሙያ የሚያስፈልገው ሐዘን ሲያጋጥምም ወደ ጤና ጣቢያ የሚመራበትን መንገድ ቡድኑ አውቆ ይጀምር። እኛ ዘንድ ይህ የተስተካከለው ነገሩ ከደረሰ በኋላ ነው።

ቡድኑ አሁን ለሚቀጥለው ወቅት የኢትዮጵያዊውን አቀናባሪ የፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደን የኦርኬስትራ ሥራ «እረኛው ባለዋሽንት» እያዘጋጀ ነው። ጡረተኞቹ የስፒከሩን ኪራይ ለማዋጣት ቃል ገብተዋል፤ በሁለተኛው ዙር ብቻ ለመምጣት የሚፈልጉም ስላሉ የመነሻው ሰዓት በግቢው በር ላይ ይለጠፋል።